የኑህ ረጅም መልስ

እቴናት ብዙነህ በ1949 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ አሰብ ስትደርስ ሻንጣዋ ውስጥ ሦስት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላና አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበራት። ቀሚሶቹ ለአሰብ ሙቀት እንደማይሆኑ በመጀመሪያው ቀን ታወቀ፤ የተማመነችው ግን በደብተሩ ነበር። በአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ በማስተማር ዘዴ ዘጠና ስምንት ነጥብ ያገኘችበት፣ አሥራ ዘጠኙ የማስተማር ሕጎች በቀይ ቀለም ተሰምሮባቸው የተጻፉበት ደብተር ነው። ሁለቱ ነጥብ በምን እንደጎደለባት እስካሁን አልገባትም። ዘጠና ስምንቱን ግን ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች፤ ላልጠየቃትም ትናገራለች።

ማስተማር የጀመረችው ገና በስምንት ዓመቷ ነው። ደብረ ብርሃን ከቤታቸው ጓሮ ድንጋይ ደርድራ፣ በአርጩሜ እየጠቆመች ፊደል ታስቆጥር ነበር። እናቷ ወይዘሮ ከበደች ጎረቤት በመጣ ቁጥር «የኔ ልጅ እኮ አርባ ተማሪ አላት፤ ደግነቱ አንዱም ምሳ አይጠይቅም» እያሉ ያሥቁባታል። እሷ አትሥቅም። ስታድግ ሌላ ነገር ልሁን ብላ አንድ ቀን አስባ አታውቅም። የባንክ ሥራም፣ ባለ ሁለት ቤት ባልም መጥተውላት ነበር፤ ሁለቱንም በትሕትና መልሳለች።

የተመደበችበት ትምህርት ቤት ለወደቡ ሠራተኞች ልጆች ተብሎ በአንድ አሮጌ የጣልያን መጋዘን ውስጥ የተከፈተ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ባሕሩን የሚያይ። ሙቀቱ ሳይበረታ እንዲያልቅ ትምህርቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አምስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ለእሷ የተሰጣት ሦስተኛ ክፍል ሠላሳ አንድ ልጆች ነበሩት፤ የጉምሩክና የወደብ ሠራተኞች ልጆች፣ ከወሎ ወርደው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ልጆች፣ ከከተማው ዳር የሚመጡ አሥራ አራት የአፋር ልጆችም። አማርኛ ሁሉም ይችላሉ። ወደብ አጠገብ ያደገ ልጅ ሦስት ቋንቋ ካልቻለ ጓደኞቹ ይሥቁበታል።

የደብተሯ አራተኛ ሕግ እንዲህ ይላል፤ «ጥያቄው አጭር፣ መልሱም አጭር ይሁን፤ መልስ ከሠላሳ ሴኮንድ አይለፍ።» እቴናት ይህን ሕግ ከሁሉ አብልጣ ትወደው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣ «ኑህ፣ ትናንት ስለ ምን ተማርን?» ስትል ጠየቀች።

ኑህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዐይኑን ከሰው ላይ የማያነሣ የአፋር ልጅ። ተነሣ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት ከቤት ስወጣ ደኅና ነበርን። እናቴ ፍየል ታልብ ነበር። መንገድ ላይ የአጎቴን ልጅ አገኘሁት፤ እሱም ከ…»

«ኑህ! የጠየቅሁህን ብቻ።»

«እሺ፣ እትዬ። የአጎቴን ልጅ አገኘሁት፤ እሱም ከወደቡ በኩል ሲመጣ…»

«በቃ፣ ተቀመጥ! ሂሩት!»

ሂሩት የጉምሩክ ሹሙ ልጅ ናት። ብድግ አለችና «ስለ ሳንባ» ብላ ቁጭ አለች። ሁለት ቃል! እቴናት ፊቷ በራ። «ጎበዝ!» አለች፤ «መልስ ማለት እንዲህ ነው።»

ኑህ ከዚያ ቀን በኋላ አፉን አልከፈተም። በጥቅምት ወር ውስጥ ሌሎቹም የአፋር ልጆች አንድ በአንድ ተከተሉት። እያንዳንዱ ሲጠየቅ ከሩቅ ይጀምራል፣ እሷ ትቆርጠዋለች፣ እሱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ዝም። የነጋዴዎቹም ልጆች ይህን እያዩ ዝምታውን ተማሩት፤ እሱን ለመማር ዘዴ አላስፈለጋቸውም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሂሩት ድምፅና ፀሐይ ሲመታው የሚንጣጣው ቆርቆሮ ብቻ ሆነ። እቴናት ጥፋቱን መጀመሪያ ሙቀቱ ላይ ጣለችው፤ ቀጥላ ልጆቹ ላይ። ፈዛዞች ናቸው አለች በሆዷ። አንድ ጠዋት ሠላሳ ዝም ያሉ ፊቶች ስታይ የደብረ ብርሃን ድንጋዮቿ ትዝ አሏትና ሆድ ባሳት። እነዚያስ ቢሆኑ ዝም የሚሉት ድንጋይ ስለሆኑ ነበር።

ኅዳር ላይ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ ተባለ። የመጡት አቶ ሣህሉ ናቸው፤ ማሠልጠኛው ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ሕጎች አጽፈው ዘጠና ስምንቱን ነጥብ የሰጧት የራሷ አስተማሪ! በቅርቡ ወደ ቁጥጥር ሥራ ተዛውረዋል። ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ሰዓት አክባሪ ሰው ናቸው፤ የግራ እጃቸውን ሰዓት ሳያዩ ሰላምታ እንኳ አይጨርሱም። እቴናት እሳቸውን ስታይ በደስታ ልታለቅስ ደረሰች። ደስታዋ የቆየው ክፍል እስኪገቡ ነው። አቶ ሣህሉ አሥር ልጆች ጠየቁ፤ ዘጠኙ ወለል ወለሉን አዩ። አሥረኛዋ ሂሩት ነበረች።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ «እቴናት፣ ዘዴው አለሽ፤ ልጆቹ ግን የሉሽም» አሏት። «እስከ ሚያዝያ ጊዜ እሰጥሻለሁ። ተመልሼ ስመጣ ይህ ክፍል ካልተናገረ ከማስተማር አነሣሽና አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ። አትጨነቂ፣ ደመወዝሽ አይነካም።»

ደመወዝሽ አይነካም መባሏ ከሁሉ በላይ አበገናት። እሷ የመጣችው ለደመወዝ መሰላቸው? ያን ቀን ቤቷ ገብታ አሥራ ዘጠኙን ሕጎች ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበች። የተዛነፈ አላገኘችም። ሁሉንም አንድ ሳታጎድል ፈጽማለች፤ ክፍሉ ግን ሞቷል።

ገና ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ስኳር ልትገዛ ወደ ጀላሉ ሱቅ ወጣች። ጀላሉ ከባቲ ወርዶ በአሰብ አሥራ አምስት ዓመት የነገደ ወሎዬ ነው፤ ሚስቱ ራዲያ የአፋር ልጅ ስለሆነች የአገሩን ቋንቋ ከባለቤቶቹ እኩል ይናገራል። ስኳሩን እየጠቀለለ ሳለ ሰማዩ በድንገት ጠቆረና ዝናብ ወረደ። እቴናት ማመን አቃታት። ደብረ ብርሃን ፀሐይ በሚሞቅበት በታኅሣሥ፣ በዚህ በደረቀ አገር ዝናብ! ጀላሉ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «ምን ያስደንቃል፣ ወቅቱ እኮ ነው» አላትና ከጆንያዎቹ መካከል የምትቀመጥበት ሣጥን ሰጣት።

ከውጭ፣ ከሱቁ ጥላ ሥር፣ ሁለት ሰዎች ዝናቡን ሸሽተው ተጠጉ። አንደኛው ከግመል የወረደ ሽማግሌ፣ ሁለተኛው ኑህ። እቴናትን አላዩዋትም። ተጨባበጡ፣ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሽማግሌው መጀመሪያ ተናገረ፤ ረጅም ነገር። ኑህ አንዴም ሳያቋርጥ በጉሮሮው ብቻ «እ… እ…» እያለ አዳመጠ። ከዚያ ተራው የኑህ ሆነ። ያ ፈዛዛ ያለችው ልጅ መናገር ጀመረ፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲቃረብም ገና አልጨረሰም። ከሚፈስሰው አፋርኛ መሃል እቴናት የምታውቀው ቃል ጆሮዋ ገባ፤ «ሳንባ»። ቀጥሎም «ጠመኔ»። ቀጥሎም «እትዬ»።

«ምንድን ነው የሚለው?» ስትል ጀላሉን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

ጀላሉ ጆሮውን ሰጠና ፈገግ አለ። «ስለ እርስዎ ነው እንጂ! ‹አስተማሪያችን ሰው ሁለት ሳንባ አለው አለች። የቀኙ ከግራው ይበልጣል፤ የግራው ለልብ ቦታ ስለለቀቀ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ሣለችው። ስትስል ጠመኔው ሦስት ጊዜ ተሰበረባት፤ በሦስተኛው ተናደደች፤ እንዳልተናደደች ግን መሰለች። ሳንባውን በዐይኔ አላየሁትም፤ ሥዕሉን ነው ያየሁት› ይላል።»

እቴናት ደነገጠች። የሳንባው ትምህርት ሁለት ወር አልፎታል። ጠመኔው ሦስት ጊዜ መሰበሩን እሷ ራሷ ረስታዋለች።

«ጋሽ ጀላሉ፣ ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አይመልስልኝም እኮ!»

«ወላሂ? ኑህ?» አለ ጀላሉ። «ምን አድርገውት ነው?»

«ምንም። ሲያስረዝምብኝ አቋርጠዋለሁ እንጂ።»

ጀላሉ ስኳሩን አስቀመጠ። «ያቋርጡታል? እንግዲያው ምን ብሎ ይመልስልዎ! አስተማሪዋ፣ ይህ ዳጉ ይባላል። አፋር ከሰው ሲገናኝ ተቀምጦ ያለፈበትን ሁሉ ከመነሻው ይናገራል። ሰሚው እስኪያልቅ አይቆርጠውም። ተናጋሪውም አይቀንስ፣ አይጨምር፤ ያየውን ‹አየሁ›፣ የሰማውን ‹ከእገሌ ሰማሁ› ይላል። ውኃ የት እንዳለ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ነው። ዳጉውን መሃል ላይ መቁረጥ ‹ውሸታም ነህ፣ ሂድልኝ› እንደ ማለት ነው። እርስዎ ‹ትናንት ምን ተማርን› ብለው ሲጠይቁት ዳጉ ጠየቁኝ ብሎ በአክብሮት ጀመረልዎ።»

«በሠላሳ ሰው ፊት ቆረጥኩት» አለች እቴናት።

«አዎ፣ ቆረጡት» አለ ጀላሉ፤ ነጋዴ ቢሆንም ለማጽናናት እንኳ አልቀነሰላትም።

ዝናቡ አባርቶም እቴናት ሣጥኑ ላይ ቆየች። አፍራለች። ከሐፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ይፍለቀለቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለድንጋይ ነበር የማስተምረው ብላ ያዘነችው ሴት፣ ትምህርቷ አንድ ቃል ሳይጎድል በበረሃው ውስጥ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ እንደከረመ አሁን ገና ሰማች። ያ ሽማግሌ ነገ ግመሉን ነድቶ ሲሄድ ስለ ግራው ሳንባ ለሌላ ሰው ይነግራል። የትኛው ባለ ዘጠና ስምንት ነጥብ እንዲህ ተደርጎለት ያውቃል?

በማግሥቱ ጠዋት ክፍል ገባች፤ ጠረጴዛዋ ጋ አልቆመችም። ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ፣ ከልጆቹ እኩል ተቀመጠች።

«እኔ ከሩቅ የመጣሁ ሰው ነኝ» አለች። «መጥቼም ዳጉ ስትነግሩኝ መሃል ላይ ቆረጥኳችሁ። ነውር መሆኑን አላወቅሁም ነበር። አጥፍቻለሁ። ኑህ፣ ከፈቀድክ ከቆረጥኩህ ላይ ጀምርልኝ።»

አስተማሪ «አጥፍቻለሁ» ማለቷ ራሱ ትልቅ ወሬ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት ወደቡ ላይ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ኑህ ብዙ አሰበ። ከዚያ ተነሣ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። «የአጎቴን ልጅ አገኘሁት» አለ፤ ልክ ጥቅምት ላይ ካቆመበት። አርባ ደቂቃ ተናገረ። የዕለቱ የሒሳብ ትምህርት ሳይነካ ቀረ፤ እቴናት ግን «እ… እ…» እያለች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ማር ሆነ ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍሉ ገበያ ነበር። ዋና አስተማሪው አቶ ወልደየሱስ በመስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እቴናት፣ እዚህ ትምህርት አለ ወይስ ዕድር?» ብለው ተዘባብተዋል። ከሁሉ የተቸገረችው ግን ሂሩት ነበረች። ያቺ የሁለት ቃል ጎበዝ ከመነሻው ተናገሪ ስትባል ግማሹን ትዘልላለች። የሰማችውን እንዳየችው አድርጋ ትናገራለች። የአፋሮቹ ልጆችም «ይህን አይተሻል?» ይሏታል፤ እሷ ታለቅሳለች። አንድ ቀን እቤቷ ሄዳ «እኔ እኮ የማውቅ መስሎኝ ነበር» ብላ ለአባቷ መናገሯን እቴናት ስትሰማ ራሷን የሰማች መሰላት።

ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነጋገራሉ፤ እቴናት በመካከላቸው እየዞረች ታዳምጣለች። የትኛው ትምህርት እንደገባ፣ የትኛው ጠማማ ሆኖ እንደገባ ከአፋቸው ትሰማለች። ስትስት እንኳ ስህተቷ ተመልሶ ይነገራታል። ከሁሉ ይልቅ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ፤ ትምህርት የቀረ ልጅ ካለ መጀመሪያ ያገኘው የክፍል ጓደኛው ቁጭ ብሎ የዕለቱን ሁሉ ሊነግረው ግድ ነው። ይህን ሕግ እሷ አላወጣችም። ልጆቹ ናቸው ያወጡት።

ሰማያዊውን ደብተር አልጣለችውም። የካቲት ላይ አንድ ቀን ስትገልጠው ሰባተኛው ሕግ ላይ ዐይኗ ቆመ፤ «ከልጁ እውቀት ተነሥተህ ወደማያውቀው ውሰደው።» በቃሏ የምታውቀው፣ በፈተና ሙሉ ነጥብ ያገኘችበት ሕግ ነው። አሁን ገና አነበበችው። ለካ ሕጉ ትክክል ነበር፤ ያላወቀችው የልጁን እውቀት ነው። ያንን ደግሞ ማሠልጠኛው ውስጥ ማንም ሊያስተምራት አይችልም ነበር። እዚሁ፣ ከዚህ ቆርቆሮ ሥር ካልሆነ አይገኝም።

ሚያዝያ ደረሰ፤ አቶ ሣህሉም እንደ ቃላቸው መጡ። አውሮፕላኑ የሚመለሰው በማግሥቱ ጠዋት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ክፍል ሊገቡ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብብታቸው ሥር ትልቅ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ገቡ። እቴናት ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አስጀመረች። አቶ ሣህሉ ለሦስት ደቂቃ ያህል ሰዓታቸውንና ልጆቹን አፈራርቀው አዩና እጃቸውን አነሡ።

«አቁሙ! እቴናት፣ ይህ ወሬ ነው፤ ትምህርት አይደለም። እንዴት እንደሆነ ላሳይሽ።»

ወረቀቱን ዘርግተው ልጆቹ ላቫኛ በሚሉት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰቀሉ። «አራቱ ወቅቶች» የሚል በቀለም የተሣለ ገበታ ነው፤ በሠሩት ገበታ ይኮራሉ፤ ደግሞም ያምር ነበር። ለሃያ ደቂቃ ጥርት ባለ ድምፅ አስተማሩ። መፀውን ከአበባው፣ በጋን ከፀሐዩ፣ ፀደይን ከበልጉ፣ ክረምትን ከደመናው ጋር አሳዩ። «በሐምሌ ዝናብ ይዘንባል፤ ወንዝ ይሞላል» አሉ። ከዚያ «ወቅቶች ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ሂሩት «አራት» አለች። ሌላው ዝም።

አቶ ሣህሉ ገበታውን እየጠቀለሉ ወደ እቴናት ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያሳዘነቻቸው ትመስል ነበር። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ይህንኑ የዛሬውን እጠይቃለሁ። ግማሹ ከመለሰ ትቀጥያለሽ። ካልመለሰ አብረን በአውሮፕላኑ እንሄዳለን፤ ቦታ አስይዤልሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደየሱስ መጡ፤ ስለ ዕድሩ የቀለዱት ሰው አሁን እውነት ተጨንቀዋል። «ምን ትጠብቂያለሽ? ልጆቹን ጠርተሽ አስጠኛቸው እንጂ!» አሏት።

«አልጠራም» አለች እቴናት። «የሚናገሩ ከሆነ የራሳቸውን ይናገሩ። በቃል አስጠንቼ ካስነገርኳቸው ድሮም ቦታዬ መዝገብ ቤት ነው ማለት ነው።»

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ሣህሉ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡ፤ ሻንጣቸው በር ላይ ነበር። መዝገቡን ገልጠው ጣታቸው ያረፈበትን ስም ጠሩ። «ኑህ።»

እቴናት ክው አለች። ኑህ ከአባቱ ጋር በጀልባ ጥዖ ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ከሄደ አምስት ቀኑ ነው፤ ወደ ክፍል የተመለሰው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

«ይቅርታ፣ አቶ ሣህሉ» አለች፤ «ትናንት አልነበረም።»

«እንግዲያው ያልሰማውን አልጠይቀውም። ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ኑህ አልተቀመጠም። «ጌታዬ፣ አልነበርኩም፤ ግን ደርሶኛል። ካልቆረጡኝ እናገራለሁ።»

አቶ ሣህሉ ሰዓታቸውን አዩ፤ ልጁንም አዩ። «ተናገር» አሉ።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ከጥዖ ደረስን። ባሕሩ ሰላም ነበር። ጀልባው ሲጠጋ ሂሩት በጉምሩኩ በር አባቷን ትጠብቅ ነበር። ሳልጠይቃት ጥላው ሥር ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ከሂሩት የሰማሁት እንጂ ያየሁት አይደለም።»

ከዚያ ቀጠለ። እንግዳው የትኛውን እግር አስቀድሞ እንደገባ፤ ገበታው ስንት መልክ ቀለም እንዳለው፤ የመፀው አበባ በየትኛው ማዕዘን እንደተሣለ። አራቱን ወቅቶች በየወራቸው፣ ለምን እንደሚፈራረቁም ጭምር፣ አቶ ሣህሉ በተናገሩበት ቅደም ተከተል፣ በራሳቸው ቃል መልሶ አስቀመጠው። «እንግዳው ሰዓቱን ዘጠኝ ጊዜ አየ» አለ፤ በልጅ የዋህነት። ክፍሉ ሁሉ በጉሮሮው ብቻ «እ… እ…» ይላል። አቶ ሣህሉ የግራ እጃቸውን ቀስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አስገቡ።

«ከዚያ እንግዳው በሐምሌ ዝናብ ይዘንባል፣ ወንዝም ይሞላል አለ። ይህን ሂሩት ከእንግዳው ሰማች፤ እኔ ከሂሩት ሰማሁ። በአሰብ ግን ሐምሌን ከማስታውሰው ጀምሮ ስምንት ጊዜ አይቻለሁ። ያየሁት የአሸዋ ነፋስ ነው፤ ዝናብ አላየሁም። ዝናብ ያየሁት በታኅሣሥና በጥር ነው። እንግዳውን ውሸታም አላልኩም። በእሱ አገር አይቶት ይሆናል። እኔ ለሌላ ሰው ስነግር ያንን ሰማሁ፣ ይህንን አየሁ እላለሁ። ጨረስኩ።»

ተቀመጠ። የእቴናት ዐይን ግን ኑህ ላይ አልነበረም፤ ሂሩት ላይ ነበር። ያቺ ግማሹን የምትዘልል ልጅ፣ ማንም ሳያዝዛት በጥላ ሥር ቁጭ ብላ አንድ ነገር ሳታጎድል ነግራዋለች! ሂሩት አንገቷን ቀና አድርጋ የራሷን ቃል ከኑህ አፍ ስትሰማ እንደ እናት ትስቅ ነበር። እቴናት በሕይወቷ እንደዚያ ቅጽበት ኮርታ አታውቅም፤ ዘጠና ስምንቱን ነጥብ በተቀበለችበት ቀን እንኳ።

አቶ ሣህሉ የተጠቀለለውን ገበታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን በስንት ትምህርት ቤት ሰቅዬ አስተምሬያለሁ» አሉ፤ ለራሳቸው እንጂ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ሌላ ስም ጠሩ፤ ሌላም ጠሩ። አሊማ ተነሣች፤ የጀላሉ ልጅ ናት። የክሬን ነጂውም ልጅ ተነሣ። ማንንም አልቆረጡም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስዳቸው ሾፌር ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ አቶ ሣህሉ ራሳቸው በመስኮት ብቅ ብለው «ይጠብቅ!» አሉ። ሃያኛው ልጅ ጨርሶ ሲቀመጥ መዝገቡን ዘጉ።

ተነሥተው ሻንጣቸውን ያዙ። በር ላይ ሲደርሱ ኑህ እንደገና እጁን አነሣ።

«ጌታዬ፣ አዲስ አበባ ሲደርሱ ስለኛ ይናገራሉ?»

«እናገራለሁ።»

«ስለ እትዬም?»

«ስለሷም። ይህ ክፍል የእሷ ነው፤ ከዚህ አትሄድም።»

ኑህ አልጠገበም። «ሲናገሩ ምን ብለው ነው? ሰማሁ ብለው ነው ወይስ አየሁ ብለው?»

አቶ ሣህሉ ወደ እቴናት ዞሩ። ማሠልጠኛው ውስጥ ለማንም ተማሪ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉላት።

«አየሁ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ። «በዐይኔ አየሁ ብዬ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ በመጋዘኑ ላይ እያጓራ አለፈ፤ ውስጡ አንድ መቀመጫ ባዶ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሒሳባቸውን ጥለው ወደ መስኮቱ ተሯሯጡ። አሥራ አንደኛው ሕግ ይህን ይከለክላል። እቴናት ግን ያን ቀን ሁለት ልጆች ቀርተውባት ነበርና፣ ለእነሱ በትክክል እንዲነገራቸው ሁሉም በደንብ ይየው ብላ ዝም አለች።